ባሌን ከኢንሹራንስ ያስወጣሁበት ዓርብ

ባሌን ከመኪናችን ኢንሹራንስ ያስወጣሁት ስለምወደው ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። በተለይ ሴቶቹ እርስ በርስ ጎሸም ይደራረጉና፣ «እስቲ ንገሪን፣ ምን አድርጎሽ ነው?» ይሉኛል። ምንም አላደረገኝም። እንዲያውም የመውጣቱ ሐሳብ የራሱ ነበር። እኔማ መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ ተጣልቼዋለሁ።

ባሌ ላሊበላ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረው። በቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ደግሞ ሚኒባስ ይነዳል። እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ወደ ከተማ ያወጣል፣ ነአኩቶ ለአብን አሳይቶ ይመልሳል፣ አሸተን ማርያም የሚወጡትን መኪና እስከሚገባበት አድርሶ እስኪወርዱ ይጠብቃል። ሁለቱንም ሥራ ይወዳል። ግን እውነቱን ለመናገር መኪናዋን ትንሽ አስበልጦ ይወዳት ነበር። ጠዋት የራሱን ፊት ሳይታጠብ የእሷን መስታወት ያጥባል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስስል ባድር አይሰማም፤ ከእሷ ሞተር የሚወጣውን ትንሽ ኮሽታ ግን ከጎረቤት ግቢ ሆኖ ይለየዋል። እንግዳ ጠፍቶ ከተማው ጭር ባለባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት ሸራ አልብሶ አቁሟት፣ በየጊዜው ሸራውን እየገለጠ ያስነሳት ነበር። ነዳጅ በከንቱ አታቃጥል ስለው፣ «ደሟ እንዳይረጋ ነው» ይለኛል። በሌላ ሴት እንኳ እንዲህ አልቀናም ነበር።

እኔም መንዳት የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው። እንግዳ የሚበዛው በበዓል ነው፤ በበዓል ዕለት ደግሞ ዲያቆን የሚገኘው መቅደስ ውስጥ ነው። ባሌ በየበዓሉ ሌላ ሾፌር ሲለምን፣ ሌላው ሾፌር መኪናዋን ጭረት አስይዞ ሲመልስ፣ እሱም ጭረቱን በጣቱ እየዳበሰ ምሳ እምቢ ሲል ሰለቸኝና አንድ ቀን፣ «እኔ እነዳለሁ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። ወልዲያ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ተማርኩና መንጃ ፈቃዴን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ከእሱ ጋር ሌላ ትምህርት ቤት ገባሁ። ፍሪሲዮን ስለቅ ትንፋሹን ይይዛል፣ ማርሽ ስቀይር ይቃትታል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወርደው መንገድ ላይ ያላለቀሰበት ኩርባ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ እቴ፣ አላለቀስኩም፤ ጮህኩበት እንጂ። ቀስ በቀስ ግን በበዓል በበዓል እንግዳ መቀበሉን ለእኔ ተወልኝ።

ነገሩ የመጣው ከተወለደባት የገጠር አጥቢያ ነው። ከከተማው ራቅ ብላ፣ ከገብስ ማሳ መካከል በወይራ ተከባ የቆመች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ካህናቷ አርጅተው አንድ በአንድ አልፈው፣ የቀሩት ቄስ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚነሱት። ቅዳሴ በአንድ ቄስ ስለማይሆን በዓል በመጣ ቁጥር ከሌላ ደብር ቄስ መለመን ነው፤ ካልተገኘ ቅዳሴው ይታጎላል። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው እየመጡ ግቢያችን ውስጥ ይቀመጡና ባሌን፣ «የኛው ልጅ ሁነህ ሳለ፣ ለምን አትቀስስልንም?» ይሉታል። እሱ መልስ አያጣም። አንዴ ዜማዬ አልጠነከረም ይላል፣ አንዴ ልጆቹ ይደጉ ይላል፣ አንዴ ወገቤን ያመኛል ይላል። ወገቡን አሞት አያውቅም።

እውነተኛው ምክንያት መሪው ነበር። አሸተን ያሉት የንስሐ አባታችን፣ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ ናቸው፣ ቁርጡን ነግረውታል። «ሰው በእጁ የሞተበት ቄስ ሳይፈልግ ቢሆን እንኳ ከመቅደስ ይወጣል። አንተ ደግሞ ውሎህ ገደል ለገደል ነው። ክህነት ከተቀበልክ መንዳቱ ይቅርብህ» አሉት። ባሌ ፈራ ተባ እያለ፣ በከተማ መኪና የሚነዱ ካህናት እንዳሉ ነገራቸው። «የእነሱን የእነሱ የንስሐ አባት ያውቃል» ብለው ወሬውን ዘጉት። እሱም ከተራራው ወርዶ መኪናዋን አጠባት።

እኔ ቄስ እንዲሆን እፈልግ ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን የተጋባንባት ናት። ሠርጋችን ዕለት የቆረብንባት ናት። አንድ እሑድ ልንሳለም ሄደን በሯ ተዘግቶ፣ ሰዉ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጦ እርስ በርሱ ሲተያይ አይቻለሁ። የሚቀድስ ጠፍቶ ነው። አንዲት አራስ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ታቅፋ መጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሌ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እኔም በሆዴ፣ ይህ ሰው ወይ አሁን ይቀስሳል ወይ ዕድሜ ልኩን አንገቱን እንደደፋ ይቀራል ብዬ ተጨነቅኩ።

ያስወሰነው ግን የእኔ ጭንቀት አልነበረም። ከነአኩቶ ለአብ ከፍ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ አዛውንት አህያቸውን እየነዱ ድንገት ገቡበት። ፍሬን ያዘ፣ መኪናዋ ቆመች፣ አዛውንቱ ምንም አልሆኑም። እንዲያውም፣ «ዕድሜ ይስጥህ፣ ደኅና አርገህ ያዝካት» ብለው መርቀውት አለፉ። ባሌ ግን እቤት መጥቶ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ከመኪናው አልወርድ አለ። ምሳው ቀርቦ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ወጥቼ በሩን ስከፍትለት፣ «እቀስሳለሁ» አለኝ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሰው ላክን፣ ድግስ ተጀመረ። ጳጳሱ በመጪው እሑድ ወልዲያ ላይ ክህነት እንደሚሰጡም ተሰማ። ልብሱን አሳጥቤ፣ ነጠላውን አስተኩሼ፣ ሁሉ ነገር አለቀ ስል ባሌ ሌላ ነገር አመጣ።

«ዓርብ እንወርዳለን። እሑድ ከመድረሱ በፊት ስሜን ከኢንሹራንሱ ታስወጭኛለሽ» አለኝ። ውሉ ላይ የሁለታችንም ስም ነበረ፤ ዋና ነጂ ተብሎ የተጻፈው ግን እሱ ነው።

«ለምን ሲባል? ዝም ብለህ አለመንዳት አትችልም?»

«አልችልም።»

«እንዴት አልችልም?»

«አንቺን አንድ ቀን ያምሽና እንግዳው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ይደውላል። ቁልፉ እዚያ ነው፣ መኪናዋ እዚህ ናት። ለአንዴ ነው እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ እኮ። ያለ ኢንሹራንስ ግን በሕይወቴ ነድቼ አላውቅም፤ ስሜ ከሌለ አልነዳም።»

ደሜ ፈላ። ለእግዚአብሔር የሚሰጠውን ቃል በኢንሹራንስ ቢሮ የሚያስር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? «አንተ ሰውዬ፣ የምትፈራው እግዚአብሔርን ነው ትራፊክ ፖሊስን?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሁለቱንም» አለኝ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

ቀልዱን እያሰብኩ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ስሜ ሳይወጣ ጳጳሱ ፊት አልቆምም አለ፤ ባሌ ደግሞ እንዲህ ካለ የሚመልሰው የለም። ይህ እሑድ ካለፈ የወገብ ሕመሙ እንደሚመለስ፣ ሽማግሌዎቹም እንደማይመጡ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ዓርብ የወልዲያው ቢሮ ሳይዘጋ ባሌን ከኢንሹራንሱ ማስወጣት ነበረብኝ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ዓርብ ማለዳ ተነሳን። የነዳው እሱ ነው፤ የመጨረሻው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲህ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። አይሱዙውም ባጃጁም እየቀደመን ሲያልፍ ዝም ይላል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊቱ ይጠቁር ነበር። ጋሸና ላይ ሻይ ጠጣን፤ ብርዱ አላስቀምጥ ስላለን ቶሎ ተነሳን። የድልብን ቁልቁለት ስንጀምር ግን አፉ ተከፈተ። «ይህቺን ኩርባ አትመኛት፤ ሰፊ ትመስልና ትጠብብሻለች። እዚህ ጋ በሁለተኛ ማርሽ ነው። እዚያ ድንጋይ ይወርዳል፣ በክረምት ወደ ግራ ያዢ» ይለኛል። ውርስ የሚያከፋፍል ሽማግሌ ይመስል ኩርባዎቹን አንድ በአንድ አስረከበኝ። ወልዲያ ስንደርስ አንጀቴን በልቶት ነበር።

የኢንሹራንስ ቢሮው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ፀጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። አረፍ በሉ አለን። ምን ልርዳችሁ ሲለን እኔ ቀደምኩ።

«ባለቤቴን ከኢንሹራንሱ ለማስወጣት ነው።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ብዕሩን አስቀመጠና፣ «የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ይዘሻል፣ እህቴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኧረ አልተፋታንም።»

ይባስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አላወቅኩም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀቱን ካመጣሽ...»

«ይኸው እዚህ አጠገቤ ተቀምጧል» አልኩት።

ባሌ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና፣ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለው።

ሠራተኛው ተቀመጠ። ነገሩን ካስረዳነው በኋላ እሱም በትሕትና አስረዳን። በእነሱ ቤት ባል ወይም ሚስት ከውል የሚወጡት በፍቺ ወይም በሞት ነው። የሁለቱ ማስረጃ ምን እንደሆነ ይታወቃል። መቅሰስ የሚባል ምክንያት ግን ገጥሞት አያውቅም፤ ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅም አያውቅም። ታዲያ ባሌ፣ ልቡ ቅን ነው ብያችኋለሁ፣ እውነተኛ ሰዎች መሆናችንን ለማሳየት ብሎ ኪሱ ገባና በቁርባን የተጋባንበትን ምስክር ወረቀት አውጥቶ ዘረጋለት። ለክህነቱ ስለሚጠየቅ ይዞት ነበር። ሠራተኛው ተቀብሎ አነበበ። ማኅተሙን አየ።

«በቁርባን ነው የተጋባችሁት?»

«አዎ» አለ ባሌ ደስ ብሎት።

«እንዲህ ከሆነማ ፍቺም አይኖርም» አለና ፋይሉን ዘጋው። «ምንም ማድረግ አይቻልም።»

የባሌን እግር ከጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። ቆሜ መናገር ጀመርኩ። ድምፄ ከፍ ሲል እኔ አይታወቀኝም፤ ሌላው ሰው ነው የሚነግረኝ። ያን ዕለት የነገረኝ ድንገት የተከፈተው የውስጠኛው ክፍል በር ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ ጠና ያሉ፣ ሂጃባቸውን ያሳመሩ ወይዘሮ ብቅ አሉ።

«ምነው እቴ፣ ምን ሁናችሁ ነው? ጁምዓ እኮ ነው ዛሬ፤ ዱዓ በሚደረግበት ቀን ጭቅጭቅ ምንድን ነው?»

እኔ ልጀምር ስል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝና ወደ ባሌ ዞሩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ተናገረ። የገጠሯን ቤተ ክርስቲያን፣ የንስሐ አባታችንን ምክር፣ አዛውንቱን ከነአህያቸው፣ ራሱን እንደማያምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ቆመው ሰሙት።

«እና አንቱ፣ ስምዎ ከወጣ አይነዱም?»

«አልነዳም።»

«በጭራሽ?»

«ያለ ኢንሹራንስ?» አለ ባሌ፣ እንዲህ ያለ ነውር በመጠየቁ ደንገጥ ብሎ።

ወይዘሮዋ አፋቸውን በሂጃባቸው ጫፍ ያዝ አደረጉ። «ወላሂ፣ ስንት ዘመን ሠርቼ አስገቡኝ የሚል እንጂ አስወጡኝ ብሎ የሚለምን ባል አላየሁም» አሉ። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞረው፣ «ፍቺና ሞት የምንጠይቀው አንዱ ሌላውን ሳያውቅ እንዳያስወጣው ብለን ነው። ይኸው ሁለቱም ቁመዋል። ሰውየው ራሱ አስወጡኝ እያለ የማንን ምስክር ትፈልጋለህ?» አሉት። ሠራተኛው ፋይሉን መልሶ ከፈተ።

ልቤ ሞላ። ነገር ግን ወይዘሮዋ አልጨረሱም። «የእሱስ እሺ። የቀረሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «የላሊበላን መንገድ አውቀዋለሁ። ሰው የምትጭን መኪና ዋና ነጂ ስትሆኝ በደፈናው አልፈርምም። ነይ፣ ንጅና ልይሽ።»

ባሌ አብሮን ሊወጣ ተነሳ። «አንቱ እዚሁ ይቆዩ» አሉት። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሞተሩን አስነስቼ ስንወጣ በመስታወቱ አየሁት። ያቺ መኪና እሱ ሳይኖርባት በእኔ እጅ ስትሄድ በሕልሙ እንኳ አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ በበዓል ቀን እሱ መቅደስ ነው፣ አያየኝም። ሁለት እጁን አንጠልጥሎ መንገዱ ዳር ቆሟል። የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፍቶት ነው።

ወይዘሮዋ ወደ ድልብ የሚወጣውን ዳገት አሳዩኝ። ገበያተኛው፣ ባጃጁ፣ በጉ፣ ሁሉም አንድ ላይ መንገዱን ሞልተውታል። ዳገቱ መሃል አንድ ባጃጅ ፊቴ ጥልቅ አለና ቆምኩ። ስነሳ ሞተሩ ጠፋብኝ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ አስነሳሁ፣ ፍሪሲዮኑን ገና ሳልለቅ ከኋላዬ ያለው ሲኖትራክ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ። አንዴ ቢሆን በታገስኩ። ደጋግሞ ሲለቀው መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አንገቴን አወጣሁና፣ «ክንፍ ካለህ በላዬ ብረር! ከሌለህ ቁመህ ጠብቅ!» አልኩት። የአካባቢው ሰው ሁሉ ዞረ። ሲኖትራኩ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ሳልንሸራተት ተነሳሁ።

ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ከጎኔ የሚሰማኝ ግን ሳቅ ነበር። ወይዘሮዋ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በይ መልሽኝ፣ አላህ ያኑርሽ። መንገዱ ነው አንቺን የሚፈራው» አሉኝ።

ስንመለስ ባሌ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተና መኪናዋን ዞሮ አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ውስጥ ገባን፣ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ስሙ ወጣ። ባሌ ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበና «አለቀ?» አለ። አለቀ አሉት። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው፤ ከዚያ ባዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔ የጓጓሁለትን አግኝቼ ሳለ ሆዴ ባባ። ማደሪያችን ቅርብ ስለሆነ፣ «ገና ቄስ አልሆንክም እኮ። እስከዚያ ድረስ ብቻ አንተ ንዳት» አልኩት።

«ኢንሹራንስ የለኝም» አለኝ። በተሳፋሪው በር ገብቶ ተቀመጠ።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በሴቶች በኩል ቆሜ፣ ከሰው ትከሻ በላይ እየተንጠራራሁ አየሁት። ጳጳሱ እጃቸውን ሲጭኑበት እንባዬ መጣ፤ አላቆምኩትም። እልልታው ሲነሳ ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ኋላ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ቀድሜ ወጥቼ ስጠብቀው፣ ነጭ ጥምጥም አድርጎ፣ የእጅ መስቀል ይዞ ሲወጣ ሌላ ሰው መሰለኝ። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ሲፈልግ አየሁና እኔን ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ መኪናዋ ከኋላዬ መቆሟን አልረሳሁም፣ ግን እኔን ነው እላለሁ። ሰዉ መስቀሉን ሊሳለም ከቦት እኔ መጠጋት አልቻልኩም። ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ ተጋፍቶ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እቤትም ሰው ይጠብቀናል፤ ተነሳን።

ድልብን ወጣን። ጋሸናን አለፍን። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ መስቀሉን ጉልበቱ ላይ በሁለት እጁ ይዟል። ኩርባዎቹን አስታውሼ በየተራ አለፍኳቸው፤ ማርሽ ስቀይር አንዴም አልቃተተም። ከጋሸና ወደ ታች ስንወርድ ጉም ገባ። ቀስ አልኩ። ቢሆንም ከጉሙ ውስጥ ሁለት በሬዎች ድንገት ወጥተው መንገዱ መሃል ተገተሩ። ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ጠጠሩ ላይ ሸርተት አለ፣ መኪናዋ ወደ ገደሉ በኩል ትንሽ ዘወር አለች፣ ያኔ የባሌ እጅ ተወርውሮ መሪው ላይ ሊያርፍ ሲል አየሁት። አልነካውም። አየር ላይ ቀረ። መኪናዋ ቆመች።

የበሬዎቹ ባለቤት ከኋላ እየሮጡ መጡ። ጥምጥሙን ሲያዩ ወቀሳውንም ይቅርታውንም ረስተው መስኮቱ ጋ ጎንበስ አሉና፣ «ይፍቱኝ አባ» አሉ። ባሌ ባረካቸው። ሰውየው በሬዎቻቸውን ነድተው ሄዱ። እኔ ልነሳ ስል፣ «ቆይ፣ አትንጂ» አለኝና በሩን ከፍቶ ወረደ።

በመኪናዋ ፊት ዞሮ ወደ እኔ በኩል ሲመጣ አየሁት። አወቅኩ። ቦታ ቀይሪኝ ሊለኝ ነው። ቅስናው ገና ውሎ አላደረም። ዓርብ የለፋሁበት፣ ሽማግሌዎቹ፣ ያቺ አራስ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። የእኔን በር ሲከፍተው መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ «አልወርድም» አልኩት።

«ማን ውረጂ አለሽ?»

መስቀሉን ከፍ አደረገ። እስከዚያች ሰዓት የእኔ ተራ አልደረሰም ነበር። ግንባሬን ነካኝ፣ ተሳለምኩት፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ። እጅሽን ይባርክ» አለኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ስለ አነዳዴ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው መልካም ቃል ነው። አለቀስኩ፣ በሳቅ መካከል። እሱ የእኔን በር ዘጋልኝና የኋላውን ከፈተ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«እፊት ከተቀመጥኩ እጄን አላምነውም። ንጂ» አለኝ።

ነዳሁ። ጉሙ እየቀለለ ሄደ፣ ወደ ቆላው ስንወርድ ፀሐይ ወጣች። የአውሮፕላን ማረፊያው መገንጠያ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ልጠይቀው በመስታወት ባየው ተኝቷል። ጥምጥሙ ወደ አንድ ጆሮው ዘንበል ብሏል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ መስቀሉን ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው። ባሌ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ነአኩቶ ለአብን ሳልፍ በልቤ ተሳለምኩ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸሁ ዳገቱን ወጣሁ።

ከደጃችን ስቃረብ የገጠሩ ሰው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ከበሮው በመቺው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። መኪናዋን ሲያዩ ሊመታ እጅ ተነሳ፣ የእልልታው መጀመሪያ ተሰማ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም በሉ እያልኳቸው፣ ሳልቆም አለፍኳቸው። ከበሮ መቺው እጁን አንስቶ እንደቀረ፣ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ በመስታወት ይታየኛል። ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ አዞርኩ፣ ሌላ ዙር ጀመርኩ። ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው።